የፍራሹ ሆድ

ፍራሽ ፊት አለው፣ ጀርባ አለው፣ ሆድ አለው። ፊቱን ገዢ ያየዋል፤ ጀርባውን አልጋው ያውቀዋል፤ ሆዱን ግን ከሞላው ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። እኔ አርባ ዓመት ሆድ ስሞላ የኖርኩ ሴት ነኝና በዚህ ጉዳይ የሚያስተምረኝ ሰው ገና አልተወለደም።

ጥጥ ብቻ የበላ ፍራሽ በጉልበትሽ ተጭነሽው ስትነሺ ቀስ እያለ ተከትሎሽ ይነሳል። ቡትቶ የበላ ግን የጉልበትሽን ጉድጓድ እንደያዘ ይቀራል፤ እንደ ቂመኛ ሰው። አዲስ ሲሆን ልዩነቱን የሚለየው እንደኔ ያለ ጉልበት ብቻ ነው። ወር ሁለት ወር ሲተኛበት ግን ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ይሰባሰብና ጓል ይሆናል፤ ያኔ ጅልም ይለየዋል።

ማብዣ መጨመር ሌብነት የሚመስለው ሰው አለ። ጥጥ ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው ነው። ጥጥ ሲጠፋ ቡትቶ ይቦጫጨቃል፣ ሰጋቱራ ይነፋል፣ የስፖንጅ ቁርጥራጭ ይለቀማል። ያ ሁሉ ተደባልቆ ሆዱ ውስጥ ይገባና ከላይና ከታች ሦስት ሦስት ጣት ጥጥ ይለብሳል። ጤነኛ ሰው ይተኛበታል፣ ያንኮራፋበታል፣ ልጅ ያሳድግበታል። ሌብነቱ መጨመሩ ላይ ሳይሆን አለመናገሩ ላይ ነው።

ልጄ ቡትቶ የሚቦጫጭቅ መኪና ገዝቶ አምጥቷል። ስሙን ‹ሆዳሙ› ብዬዋለሁ። ሱሪ ታጎርሺዋለሽ፣ አመድ የመሰለ ብናኝ ይተፋልሻል፤ አዝራር ሳይቀር ይሰባብራል። ሲነሳ ግድግዳው ሁሉ ይንዘፈዘፋል። አልወደውም። ግን ዘንድሮ ጥጥ የሚባል ነገር ከገበያ ከጠፋ ወዲህ ያበላን እሱ ነው።

እና በቤታችን ሕግ አለ። ንጹሕ ጥጥ የሆነ ፍራሽ ጥጉ ላይ ሰማያዊ ክር ይታሰርበታል፤ ድብልቁ ላይ አረንጓዴ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጄ ይነድፋል፣ ምራቴ ሞልታ ትሰፋለች፣ እኔ በጉልበቴ ፈትኜ የመጨረሻዋን ቋጠሮ አስራለሁ። ሁለቱ ጥቅል ክሮች ከመቀመጫዬ በላይ ግድግዳው ላይ በሁለት ምስማር ተንጠልጥለዋል፤ ሰማያዊው በቀኝ፣ አረንጓዴው በግራ።

ምራቴ አንድ ሰሞን «ወረቀት እንለጥፍበት» ብላ ተነስታ ነበር። «‹ጥጥ› ወይም ‹ድብልቅ› ብለን እንጻፍበት፤ ሰው ክር ምን እንደሆነ አያውቅም፣ እማማ።»

«ማን ያነበዋል?» አልኳት።

«ገዢው ነዋ።»

«እኔስ?»

ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እሷ ዝም ማለት ትችልበታለች። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። ግን እኔ የማላነበው ነገር እኔ በሠራሁት ፍራሽ ላይ አይለጠፍም አልኩ፤ ወረቀቱም በዚያው ቀረ።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ በእህቴ ጀርባ ላይ የደረሰውን እንድትረጂ ነው።

ታላቅ እህቴ ወንበር ላይ ቆማ መጋረጃ ስትሰቅል ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሙ ከሐኪም ቤት ሲያስወጣት ወደ ጥግ ወሰደኝና «አጥንቱስ ይገጥማል» አለኝ። «የምፈራው ጀርባዋን ነው። ቆዳዋ ከቆሰለ ቁስሉ እስኪደርቅ መቆም የለም። በዚህ ዕድሜዋ ቶሎ ካልቆመች ደግሞ ከዚያ በኋላ አትቆምም። የምትተኛበትን ነገር አደራ።»

አደራ የሚለው ለኔ ነው። ፍራሽ ለምሠራው። ሳቄ ነው የመጣው። የዚያኑ ዕለት ልጄን «ከተደረደሩት ውስጥ ሰማያዊ ክር ያለውን ለአክስትህ ውሰድ» አልኩት። ወሰደ፣ አነጠፈ። እኔ ስደርስ እህቴ ተኝታበት አንሶላው ተጠቅጥቆ ነበር። ሁለት ወር ሆነው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ ዘፈን ነው። ነገሩ በተገለጠበት ዕለት ጠዋትም ሾርባዋን ይዤላት ስገባ ጀመረችኝ።

«አልተመቸኝም።»

«መቼ ተመችቶሽ ያውቃል?»

«ከሥሬ የሚሄድ ነገር አለ።»

«ያለ ዕረፍት የሚሄደው አፍሽ ነው። በይ ጠጪ።»

«አንቺ መርፌ» አለችኝ። ከልጅነታችን ጀምራ የምትጠራኝ እንደዚያ ነው፤ ሥራዬን አይታ ሳይሆን ምላሴን። «ቀኝ ብል ይወጋኛል፣ ግራ ብል ይወጋኛል። እጅሽን አስገቢና እዪ ስልሽ ለምን አታስገቢም?»

«የራሴን ሥራ እጄን አስገብቼ አላይም።»

እንዲህ እያልን ነርሷ ገባች። በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣ፣ ቀልድ የማይገባት፣ እጇ ግን ጥሩ የሆነ ሴት ናት። ሁለታችን እህቴን ይዘን ወደ ጎን አዞርናት። ነርሷ ቀሚሷን ገልባ የወገቧን መጨረሻ በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች። ደጋግማ ጫን አደረገች።

«ቀልቷል» አለች። «ስጫነው ቅላቱ አይሄድም። ባለፈው ስመጣ አልነበረም። ምን ላይ ነው የምትተኛው?»

«ጥጥ ላይ። ንጹሕ ጥጥ።»

ነርሷ እጇን ከአንሶላው ሥር ላከች። ፊቷን አየሁት። «ይሄ ጥጥ ነው?» አለችኝ።

አርባ ዓመት እንዲህ ተብዬ አላውቅም። ገፋ አደረግኳትና እጄን አስገባሁ። ጓል። እንደ ድንች የተድቦለቦለ ጓል። ከእሱ አጠገብ ደግሞ ባዶ፤ ጨርቅና ጨርቅ የተገናኘበት ባዶ ቦታ። በጣቴ ስፌቱን ትንሽ ላላ አድርጌ አንድ ቁንጥር አወጣሁ። ግራጫ ብናኝ ነው። መሃሉ ላይ ግማሽ አዝራር ተቀምጧል።

አዝራሩን በመዳፌ ጨበጥኩት።

«እንግዲህ ዛሬ ይቀየር» አለች ነርሷ፣ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ከሥሯ እያስገባች። «ቆዳዋ ገና አልተከፈተም። ነገ ጠዋት ተመልሼ አያታለሁ። በዚህ ላይ እንዳላገኛት። አንድ ሌሊት እንኳ ቢሆን እኔ ኃላፊነት አልወስድም።»

እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች «ምን አገኛችሁ?» አለች።

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ ለምን ዝም አልሽ? አንቺ ዝም ስትዪ ነው የምፈራው።»

ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። እግሬ መሬት አይነካም። መንገድ ላይ ሰላም ያለኝ ሰው ቢኖር አልሰማሁም። አእምሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይሽከረከራል፤ ክሩ ሰማያዊ ከሆነ፣ ያሰርኩትም እኔ ከሆንኩ፣ ከኔ በኋላ የከፈተው ሰው አለ። ጥጡን አውጥቶ ቡትቶ የከተተበት ሰው አለ። ሌላ ሊሆን አይችልም። ማን እንደሆነ ደግሞ ገና በሩ ሳልደርስ ፈርጄ ጨርሼ ነበር።

ከፍራሽ ቤታችን በር ፊት ለፊት አንድ ጀርባው የጎበጠ ጫማ ሰፊ ይቀመጣል። ሳልፍ ቀና አለ፣ ፊቴን አይቶ አጎነበሰ። ውስጥ ሆዳሙ እየጮኸ ነው። ምራቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ትሰፋለች፤ ልጄ ቡትቶ ያጎርሳል።

«አጥፋው» አልኩት።

አጠፋው። ጸጥ ሲል የኔ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«እህቴን ቡትቶ ላይ ያስተኛት ማን ነው?»

«ምን ሆነች?» አለ ልጄ።

«ጀርባዋ ቀላ። የፍራሹ ሆድ ጓል ሆኗል። ይሄው።» ግማሹን አዝራር መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

አገላብጦ አየው። «እኔ ሰማያዊ ክር ያለውን ነው የወሰድኩት፣ እማዬ። አንቺው ነሽ ያልሽኝ።»

«ክሩማ ሰማያዊ ነው። ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከኔ በኋላ የተፈታ ስፌት አለ።» ወደ ምራቴ ዞርኩ። «መስፋት የሚችል ሰው ነው መፍታት የሚችለው። ጥጡን የት አደረስሽው? ለእናትሽ ነው? ለሷ ምቹ ትራስ ሠራሽላት?»

እዚህ ላይ መናገር አለብኝ፤ የምራቴ እናት ከሁለት ወር በፊት ታማ ነበር፣ አልተረፈችም። ይህን እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። አፌ እንዲህ ነው፤ ከፊት ይሄዳል፣ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ እከተለዋለሁ።

ልጄ «እማዬ» አለ።

ምራቴ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። መጀመሪያ ያየችው እኔን አይደለም፤ ከመቀመጫዬ በላይ ግድግዳውን ነው ያየችው፣ ሁለቱን ምስማሮች። ከዚያ ወደኔ ተመለሰች። የሆነ ነገር እንደተገለጠለት ሰው ዓይኗ ፈጠጥ ብሎ ተመለሰ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች። «ጥጥ አልወሰድኩም። ግን ፍራሾቹን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

«አንቺ?» አለ ልጄ። «መቼ?»

«ተወው በቃ። ተሳስቻለሁ አልኩ።»

«ሰማህ?» አልኩት። «በጆሮህ ሰማህ? አሁን ንጹሕ ጥጥ አምጡልኝ። ዛሬ ካልተቀየረ እህቴ አትቆምም።»

ልጄ ራሱን ነቀነቀ። «ከየት ላምጣ? ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጆንያ ጥጥ አላየንም። የመጨረሻው ጥጥ ያኔ ሁለት ፍራሽ ነው የወጣው። አንዱ የአክስቴ ነው ብዬ ነበር። ሌላው ተሸጠ። አሁን ያለን የፊት ማልበሻ ብቻ ነው።»

አሸንፌ ነበር። ጥፋተኛ አግኝቼ፣ ጥፋተኛዋ አምና፣ ልጄ ሰምቶ። ግን ድሉ ውስጤ አልተነጠፈም፤ እንደዚያ ፍራሽ አንዱ ጋ ጓል፣ አንዱ ጋ ባዶ ሆነብኝ። ገባሁ፣ ወጣሁ። መቀመጫዬ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ተነሳሁ። ሄጄ የተደረደሩትን ፍራሾች አንድ በአንድ በጉልበቴ ተጫንኩ፤ ሁሉም ድብልቅ። ምራቴ እንደገና መስፋት ጀምራለች። ክሩን ስትስብ ስትወጋ፣ ስትስብ ስትወጋ፣ እሰማታለሁ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ ወጥቼ ከጫማ ሰፊው አጠገብ ያለችው የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ወጉ፣ እማማ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ሥራህን ሥራ።»

«እጄ እየሠራ ነው። ጆሮዬ ነው ሥራ ፈት።»

«ከሰማህማ ምን ትጠይቀኛለህ?»

«መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም።» አንድ ምስማር ከከንፈሩ አውጥቶ ተረከዝ ላይ መታ። «የእህትዎ ፍራሽ መቼ ነው የተሠራው?»

«እህቴ ከሐኪም ቤት የወጣች ሰሞን ነዋ።»

«እኮ። ያኔ ምራትዎ መቼ እዚህ ነበረች? እናቷን ልታስታምም ስትሄድ ጫማዋን ለመንገድ የጠገንኩላት እኔ ነኝ። ዐሥር ቀን ቆይታ መጣች፤ ስትመለስ ተረከዙ አልቆ ነበር። እርስዎ በነዚያ ዐሥር ቀናት ብቻዎን ሲሞሉ፣ ሲሰፉ፣ ሲሳደቡ እዚህ ሆኜ አዳምጥ ነበር። ታዲያ እሷ በየት በኩል ገብታ ነው ፍራሽ የምታቀያይረው?»

ቀኖቹን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

«እኔ እንኳ ያኔ ነው ፍራሽ የገዛሁት» ብሎ ቀጠለ፤ አንዴ ከጀመረ አያቆምም። «ልጅዎ አረንጓዴ ክር ያለውን ‹ድብልቅ ነው› ብሎ ሰጠኝ። ድብልቅ አይደለም ወይ አቅሜ? ግን ልንገርዎት፣ እንደዚያ ያለ ድብልቅ ተኝቼ አላውቅም። ይሄ ጉብጠቴ እንኳ የሚያርፍበት አገኘ። ጠዋት ስነሳ አብሮኝ ይነሳል።»

«ምን አልክ?»

«ፍራሹ። ስነሳ ቀስ እያለ ይነሳል።»

ተነሳሁና ገባሁ። ማንንም ሳላይ ሁለቱን ጥቅል ክሮች ከምስማሮቹ አውርጄ ወጣሁ። የቀኙን በቀኝ እጄ፣ የግራውን በግራ እጄ ይዤ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። አየኋቸው። ራቅ አድርጌ አየሁ፣ አቅርቤ አየሁ። ሁለቱም የደፈረሰ ውሃ ይመስላሉ። አንዱ ትንሽ ጠቆር ያለ የደፈረሰ ውሃ፣ ሌላው እንዲሁ።

«ይሄ ቀለሙ ምንድን ነው?» አልኩት ጫማ ሰፊውን፣ ቀኝ እጄን ዘርግቼ።

«ሰማያዊ።»

«ይሄኛውስ?»

መዶሻውን አስቀመጠ። «አረንጓዴ። ለምን ይጠይቁኛል?»

ለምን እንደሆነ ለሱ አልነገርኩትም፤ ላንቺ ግን እነግርሻለሁ። ዓይኔ እነዚህን ሁለት ቀለሞች መለየት ካቆመ ዓመት አልፎታል። ቀስ እያለ ነው የሄደው፤ መሄዱን ለራሴም አልነገርኩም። እጄ ወደ ቀኙ ምስማር ሲሄድ ሰማያዊ ነው፣ ወደ ግራው ሲሄድ አረንጓዴ ነው። ለአንድ ዓመት ክር አይቼ አላውቅም፤ ያየሁት ምስማር ነው። በነዚያ ዐሥር ቀናት ደግሞ የሆነውን አሁን አስታወስኩት። ልጄ ሆዳሙን ግድግዳው ሥር አስጠግቶ ሲያስነሳው ክሮቹ ከምስማሩ ተራግፈው ራሴ ላይ ወደቁ። ሰደብኩት። ከመሬት ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። መልሼ የሰቀልኳቸውም እኔ።

በዚያ ጊዜ የወጡት ፍራሾች አራት ናቸው። ሁለቱ ንጹሕ፣ ሁለቱ ድብልቅ። ሁሉንም በጉልበቴ በትክክል ለይቻቸዋለሁ። የሁሉንም ክር ግን ገልብጬ አስሬያለሁ።

ያቺ ምራቴ ጠዋት ያን ግድግዳ ያየችው ለዚህ ነው። ክሮቹ አሁን በየምስማራቸው ናቸው፤ ስትመለስ ተገልብጠው አግኝታ ዝም ብላ አስተካክላቸዋለች፤ ምን እንዳስከተሉ የገባት ግን ዛሬ እኔ ስጮህባት ነው። ገብቷት ነው ‹እኔ ነኝ› ያለችው። በሰው ፊት እንዳልዋረድ።

በርጩማው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ፍራሽህን እፈልገዋለሁ» አልኩት ጫማ ሰፊውን።

«የትኛውን? አንድ ነው ያለኝ።»

«እሱን። ያንተ ንጹሕ ጥጥ ነው። የእህቴ ነበር መሆን ያለበት። ከመምሸቱ በፊት ታመጣልኛለህ፤ ሽፋኑን ቀይሬ አስተኛታለሁ። ላንተ ጥጥ ሲገኝ ከመጀመሪያው ጆንያ እሠራልሃለሁ።»

«ተኝቼበታለሁ እኮ።»

«ጥጥ ፀሐይ ሲያገኝ የተኛበትን ሁሉ ይረሳል።»

ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ለእህትዎ ከሆነ ይውሰዱት። እኔ መሬትም ላይ ተኝቼ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር አለኝ። መጀመሪያ ገብተው ለዚያች ልጅ ይንገሯት። እንደጮሁባት ሁሉ ጮክ ብለው፣ እዚህ ድረስ እንዲሰማኝ። ከዚያ ፍራሹን ራሴ ተሸክሜ አደርስልዎታለሁ።»

«ካልነገርኳትስ?»

«ካልነገሯት ዛሬ ማታም ተኝቼበት አድራለሁ።»

«ትጨክናለህ?»

«ከማን ተምሬ?» አለ፣ መዶሻውን እያነሳ።

ከበርጩማው እስከ በሩ ሰባት እርምጃ ነው። አንድም ጊዜ ያን ያህል ረዝሞብኝ አያውቅም። በሩ ላይ ቆሜ ልመለስ አልኩ። ጎረቤት ዞሬ ሌላ ጥጥ ልፈልግ፣ አሮጌ ትራስ ልቅደድ፣ የራሴን ፍራሽ ልፍታ አልኩ፤ የራሴ ግን ከዓመታት በፊት ከተረፈ ቡትቶ ያበጀሁት ነው። የነርሷ ጣት የእህቴን ጀርባ ጫን አድርጎ ሲለቅ፣ ቅላቱ እንደነበረ ሲቀር ታየኝ። ገባሁ።

ሁለቱን ክሮች ምራቴ ፊት ወለሉ ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ዓይኔ ክር አይለይም» አልኩ።

ልጄ «ምን?» አለ።

«ደንቁረሃል? ዓይኔ ክር አይለይም አልኩ። ዓመት አልፎታል። አራቱን ፍራሽ ገልብጬ ያሰርኩት እኔ ነኝ። እህቴን ቡትቶ ላይ ያስተኛኋት እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ ያን ጊዜ አልነበረችም።» ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ ውጪ መዶሻው ቆሟል። «ስለ እናትሽ ያልኩትን ደግሞ መልሼ ውጬዋለሁ። ክፉ ነገር ነው የተናገርኩት።»

ምራቴ ክሮቹን ከወለሉ አነሳቻቸው። «አውቃለሁ፣ እማማ» አለች።

«ምኑን?»

«ዓይንዎን።»

«ከመቼ?»

«የልጄን ሰማያዊ ቀሚስ ‹አረንጓዴ ያምርባታል› ካሉ ጊዜ ጀምሮ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ክሮቹን አያቸዋለሁ።»

«እና አንድ ቀን አትነግሪኝም?»

«ለእርስዎ ነገር ነግሮ የተረፈ ማን አለ?»

ልጄ ሳቁን በሳል ሸፈነው። እኔ ያልሳቅኩት ልክ ስለሆነች ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሩጫ ነው። ጫማ ሰፊው የሥራ ሣጥኑን ዘግቶ ሄደና ፍራሹን በጉባጣ ጀርባው ላይ ጭኖ መጣ፤ ከሩቅ ፍራሹ ብቻውን እግር አውጥቶ የሚመጣ ይመስል ነበር። ምራቴ ለአዲስ ሽፋን ጨርቅ ቀደደች። ግቢው ውስጥ ፀሐዩ ሳይሄድ ስፌቱን ፈታን። እጄን እስከ ክርኔ ሆዱ ውስጥ ላክሁ። ጥጥ ነው፤ ደረቅ፣ ቀላል፣ ጣቴን ለቀቅ ሳደርግ ተከትሎኝ የሚመጣ። እንደዚያ ቀን ጥጥ ነክቼ አላውቅም። ልጄ በመንደፊያ ደጋኑ ትንሽ ነደፍ ነደፍ አደረገው፣ ምራቴ ሞላች፣ እኔ ሰፋሁ። ለመስፋት ዓይን አያስፈልገኝም። ጥጉ ላይ ስደርስ መርፌውን ለምራቴ ሰጠኋት።

«ሰማያዊውን አንቺ እሰሪ» አልኳት።

አሰረች። ቋጠሮዋ ከኔ ይላላል፤ ይህን ግን ያን ዕለት አልነገርኳትም። በማግስቱ ነው የነገርኳት።

እህቴን አራት ሆነን አንስተን አዛወርናት። አሮጌውን ስናወጣው ሆዱ በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ ወረደ። አዲሱ ላይ ስትወርድ ዓይኗን ጨፈነች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ የሚወጋውን ነገር ጠበቀች። አልመጣም። ወገቧን ወደ ቀኝ አነቃነቀች። ወደ ግራ።

«ምን አደረግሽው?» አለች።

ነገርኳት። በሰው ፊት አንዴ ከተናገርኩት በኋላ ሁለተኛው ቀላል ነበር።

«እና ሁለት ወር በቡትቶሽ ላይ አስተኝተሽኝ እኔን ነዝናዛ ትይኛለሽ?»

«ነዝናዛማ ነሽ።»

«እጅሽን አስገቢ ስልሽ ብታስገቢ ኖሮ…»

«አውቃለሁ።»

«‹አውቃለሁ› አለች!» አለች እህቴ ለጫማ ሰፊው። «ሰባ ዓመቴ ነው፣ ይቺ ሴት እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ምስክሬ ነህ።» ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት። ትንፋሿ ረዘመ። በማግስቱ ነርሷ መጥታ ጣቷን ጫን አድርጋ ስትለቅ ቅላቱ ነጣ፤ «አልተከፈተም» አለች። ይህን ግን ያን ዕለት ገና አላወቅኩም ነበር። እንቅልፏን እያየሁ መቀመጥ ነበረብኝ፤ ግን መቀመጥ አልሆነልኝም። ተነስቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ።

ምራቴ አየችኝ። «አሁን ደግሞ ምንድን ነው፣ እማማ?»

«አራት ፍራሽ ነው ያልኩሽ። አንዱ ይሄ ነው፣ አንዱ ያ የወጣው ነው። በአረንጓዴ ክር ንጹሕ ጥጥ የወሰደው ሰው ዕድለኛ ነው፣ ይተኛበት። አራተኛው ግን ሰማያዊ ክር አስሮ ቡትቶ ይዞ ወጥቷል። ማን ወሰደው?»

አሰብ አደረገች። «ልጅዎ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ያለችው ነፍሰ ጡር ናት። ሐኪም ተኝተሽ ቆዪ ብሏት ነው የገዛችው።»

ነጠላዬን ለበስኩ።

«ነገ እንሄዳለን፤ ዛሬ ደክመዋል» አለች።

«ዛሬ።»

ወጣን። ፀሐይ ገና አልገባችም። እሷ ቀደም እያለች መንገዱን ትለይልኛለች፣ እኔ ከኋላ እከተላለሁ፤ ድንጋይ ሲኖር ‹ድንጋይ› ትለኛለች፣ አየሁት እላታለሁ፣ እረግጠዋለሁ። አንድ በር ፊት ስንደርስ ቆመች። አፏን ስትከፍት አየኋት፤ ገብታ ‹የተሳሳትኩት እኔ ነኝ› ልትል እንደሆነ ገባኝ። እስከ ዛሬ ስትናገር እንኳ አልሰማትም ነበር፤ አሁን ሳትናገርም እሰማታለሁ።

«በሩ ምን ዓይነት ነው?» አልኳት።

«ሰማያዊ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያ አንኳኪው» አልኳት። «የምናገረው እኔ ነኝ።»